ፊቱን ወደ ዛፉ ያዞረ ሰው

ዝርክርክ ነገር አልወድም። እቤቴ የገባ እንግዳ ጫማውን አጣሞ ካወለቀ ወሬው ሁሉ ይጠፋብኝና ዓይኔ ጫማው ላይ ይቀራል። ጓደኞቼ በዚህ ሲያሾፉብኝ ኖረዋል። አንድ የምርምር ፕሮጀክት የመረጃ ሠራተኛ አድርጎ ሲቀጥረኝ ግን ያ አመሌ እንጀራ ሆነልኝ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሥራዬ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያነሷቸውን የአንድ ተራራ ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ በተከፈተ የመረጃ ቋት ውስጥ ማስገባት ነበር። ተራራው ከከተማችን ወጣ ብላ ካለችው ከቁሓ ማዶ ያለ፣ ድሮ ድንጋይ ብቻ የነበረ፣ ኋላ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባበት የተከለለ ነው። ማንም ሰው የትም አገር ሆኖ ድረ ገጹን ሲከፍት ተራራው በየዓመቱ እንዴት እንዳገገመ እንዲያይ ነው ልፋቱ ሁሉ። እያንዳንዱን ፎቶ ከፍቼ ቦታውን፣ አቅጣጫውንና የዛፉን ዓይነት እሞላለሁ፤ ቀኑን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ እመልሳለሁ፤ ከዚያ እጭናለሁ። ኔትወርኩ እንደ ፈቃዱ ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ ይላል፤ እንደገና ከመጀመሪያው።

ፎቶዎቹ የሚነሡት ክረምት በወጣ ቁጥር፣ ከዚያው ከአንድ ቦታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ነው። በየፎቶው ውስጥ ደግሞ ከዛፉ አጠገብ አንድ ሰው ይቆማል። ለውበት ብሎ አይደለም፤ ሰው ከሌለበት ቁጥቋጦው ጉልበት ይድረስ ጣሪያ አይታወቅም። እኛ ቢሮ «መለኪያው» ነበር የምንለው። ቁመቱ አንዴ ተለክቶ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ያለበት ግዴታ ቀጥ ብሎ መቆምና ፊቱን ወደ ዛፉ ማዞር ብቻ ነው። የሰው መልክ እንዲህ ለዓለም ሁሉ አይከፈትም የሚል ደንብ ስለነበረ ነው ፊቱን የሚያዞረው። ጥሩ ደንብ ነው። እኔም ደንብ እወዳለሁ።

የምኖረው ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ የዚሁ አገር ሰው፣ ትግርኛ ተናጋሪ፣ እናቴ ወሎዬ ናት። ለዚህ ይመስለኛል ከወሎ የመጣችው ጎረቤቴ ከሁሉም ሰው እኔን የቀረበችኝ። ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እኔ እዚያ ግቢ ከመግባቴ በፊት፣ ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል፣ ታሞ ሞቷል። ልጅቷ አሁን አንደኛ ክፍል ገብታለች። እናቷ እህቴ ስለምትለኝ እሷም «ሓትኖይ» ትለኛለች፤ የእናት እህት መሆኔ ነው። እናት ሆዬ በአስተዳደግ ቀልድ አታውቅም። ልጅቷ ሰላም ያላትን ሰው ዝም ብላ ካለፈች ጆሮዋ ተቆንጥጦ «አባትሽ የሰው ሰላምታ አያሳልፍም ነበር!» ትባላለች።

አንድ ቀን ቢሮ መብራት ጠፋና ላፕቶፑን ይዤ እቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ በሬን ከፍቼ ስሠራ ጎረቤቴ አዲስ ያስፈጨችውን ሚጥሚጣ ልታቀምሰኝ መጣች። ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ወላሂ፣ አባቷ!» አለች።

«የማን አባት?»

«የልጄ ነዋ! ምን ሊሠራ እዚህ ገባ?»

ሳቄ መጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው ከጥፍሬ የማይበልጥ ሰው ነው፤ ያውም ጀርባው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ሽርጥ፣ አንድ ዛፍ። «እንዴት አወቅሽው? ጀርባ እኮ ነው» አልኳት።

«ጀርባውን አይደል ወይ እማውቀው? ሁሌ ማለዳ ሲወጣ ከኋላ ነበር እማየው። ሽርጡን እንዲያ ወደ ግራ እሚቋጥር ማን አለ?» ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። «ዛፍ ሲያድግ ቆሜ አያለሁ፣ ለሱ ይከፍሉኛል ይለኝ ነበር እኮ! ሲቀልድብኝ ነበር እሚመስለኝ።»

ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ከዚያ በትሕትና፣ ውኃ አቀብይኝ እንደሚል ሰው፣ «እስቲ አዙሪልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፊቱን።»

ማሽኑ ያላየውን ማሳየት አይችልም ብዬ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የገባት አይመስለኝም። እኔ ግን የሷ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ሲጋቡ ፎቶ አልነበረም። መታወቂያው ላይ የነበረችውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ራሷ ከሱሪ ኪሱ ሳታወጣ አጥባት ነጭ ወረቀት ሆናለች። ልብስ እያጠበች ይህን ሳታስብ የዋለችበት ቀን የለም።

«አባቴ ምን ይመስላል ትለኛለች» አለችኝ። «አንቺን ስላት መስታወት ይዛ ትመጣለች። ቅንድቤን ነው? አፍንጫዬን ነው? ምኔን ነው? ትለኛለች። እህት ዓለም፣ እኔም እኮ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ። ፊቱ ግን እየሄደብኝ ነው።»

ሚጥሚጣውን አስቀምጣ ወጣች። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ተቀምጬ እሱ የቆመበትን ፎቶ ሁሉ ከፈትኩ።

መዓት ፎቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ዛፉ ከጉልበቱ በታች ነው፤ ከዚያ ወገቡ፣ ትከሻው፣ ባርኔጣው፤ ቆየት ብሎ ዛፉ በላዩ ላይ ጥላ ሆነ። ከዚያ ሌላ ሰው ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ዘወር አላለም። እንዲያ ታዛዥ ሰው አይቼ አላውቅም። ዓይኔ እስኪፈዝ ካየሁ በኋላ ደሜ ፈላና «አንዴ እንኳ ዞር ብትል ምን ነበረበት!» ብዬ በማላውቀው ሙት ላይ ጮኽኩ። የግቢው ሰው ስልክ የማወራ መስሎታል።

ደግነቱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድረ ገጹ ላይ የሚገባው ተመርጦ ያለፈው ፎቶ ብቻ ነው። የወደቁት፣ ማለትም ጭጋግ የሸፈናቸው፣ ላም የገባችባቸው፣ ካሜራው የተነቃነቀባቸው፣ ቢሮ ጥግ ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ «የማይረቡ» የሚል ፎልደር ውስጥ ተከማችተዋል። ሥራ ስጀምር አይቼው ዝርክርክነቱ አናዶኝ መልሼ ዘግቼዋለሁ። መለኪያው ፊቱን ያዞረበት ፎቶ ካለ፣ ያለው እዚያ ነው። ዞር ካለ ወድቋላ!

በማግስቱ ጠዋት ሩጫ ሊሆን ትንሽ በቀረው እርምጃ ቢሮ ስደርስ ጥጉ ባዶ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያችን አሮጌውን ማሽን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ ገመዱን ይሰካል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ፎርማት ላደርገው። ሁሉም ነገር ዌብሳይቱ ላይ ገብቷል አይደል? ለሌላ ክፍል ተሰጥቷል፣ ከምሳ በፊት መጥተው ይወስዱታል።»

«ማንም አይወስደውም።»

«ዋይ ሓፍተይ፣ እህቴ! ዶክተር ናቸው ያዘዙኝ። እንታይ ደኣ ኾንኪ? ምን ነካሽ?»

ወንበሩን ሳብኩና ማሽኑ ፊት ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ቁጣዬን ስለሚያውቀው ሊያስነሣኝ አልሞከረም፤ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ያኔ ነው ምክንያቱን የነገርኩት።

«ልጅቷ አንድም ቀን አላየችውም?»

«አይታዋለች፤ ግን ዳዴ ትል ነበር።»

ሌላ ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «በይ ተጠጊ። ይሄ ማሽን አመሉን ካላወቁለት ይዘጋል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አመለኛ ነበር። አንዱ ፎቶ እስኪከፈት ያንጎራጉራል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አልከፈት ይላል። እሺ ብለን አንዱን እንዘጋለን፣ ሌላውን እንከፍታለን። ጭጋግ። የላም ጭራ። የአንድ ሰው አውራ ጣት። ደግሞ ጭጋግ። ማሽኑን የሚወስዱት ሰዎች መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ባለሙያው ሻይ ጠጥተው እንዲመጡ ለምኖ ላካቸው።

ከዚያ ተከፈተ።

ዛፉ ከትከሻ የማያልፍ ነው። ሰውየው ግን ዛፉን ትቶ ወደ እኛ ዞሯል። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሏል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ፈገግ እያለ በቀጥታ ያየናል። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች። ቅንድቡ የልጅቷ ቅንድብ ነው። አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ሓፍተይ፣ አጆኺ» አለኝ ባለሙያው፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

ዶክተሩ የገቡት በዚያ መሀል ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ናቸው፤ በዚያን ዘመን ካሜራውን የሚይዙት ራሳቸው ነበሩ። ፎልደሩ ለምን እንዳልጠፋ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ስክሪኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዋይ! ይሄን ሰውዬ! ስንት ጊዜ ነው የነገርኩት!» ብለው ሳቁ። «አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ በመንገዱ ሲያልፉ ‹ከመይ ውዒልካ ወደይ› ብለው ሰላም አሉት። እሱ ደግሞ ልክ ስጫን ባርኔጣውን አውልቆ እጥፍ! እኔ ተናደድኩ። አንተ መለኪያ ነህ፣ ከተጎነበስክ ዛፉ በምን ይለካል ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ታዲያ ጌታዬ፣ ሽማግሌ ሰላም ሲሉኝ ዛፍ ዛፉን ልይ?›»

ሳቃቸውን ጨርሰው «የት አለ አሁን?» አሉ። የሆነውንና የልጁን ነገር ስነግራቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። መሞቱን አልሰሙም ነበር፤ ሥራ ያቆመ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ያለ ምንም ማመልከቻ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ዌብሳይቱ ላይ አይወጣም፣ ደንቡ ደንብ ነው። ይሄ ግን የልጁ ነው፤ ውሰጅላት» አሉኝ። የቀረውን «የማይረባ» ሁሉ ባለሙያው አጠፋው፤ ሰዎቹም ማሽናቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጭቅጭቅ ጠበቀኝ። ባለ ፎቶ ቤቱ ሙያውን ሊያሳየኝ ፈለገና «ለሞተ ሰው ከሆነ ሱፍና ከረባት ላልብሰው? ወገቡንም ቀጥ አደርገዋለሁ፣ ከኋላው አበባ አስገባለታለሁ» አለኝ። ምስኪን፣ በደግነት ነው። እኔ ግን «ወገቡን የሚነካው የለም!» ብዬ ስጮህ ሰልፍ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እንዳለ አተመልኝ፤ ከዛፉ ጋር፣ ከሽርጡ ጋር። ትንሽ ብዥ ብሏል፤ ፊቱ ግን ፊት ነው።

ጎረቤቴ ከገበያ እስክትገባ ደጃፏ ላይ ጠበቅኳት። ፖስታውን ስሰጣት ቆማ ነበር፤ ስታወጣው መደቡ ላይ ተቀመጠች። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን እየነካካች፣ አንድ በአንድ መልሳ ስትሰበስበው አየኋት።

«ይኸው፣ እንዲህ ነበር» አለች። «አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ነበር እሚያየኝ።»

ሁለታችንም እንዲያ እንዳለን ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጣች። ጠመኔ እንደነካት፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባችና እኛን አይታ ደነገጠች። እናቷ ፎቶውን ግድግዳው ሥር ካለው ሣጥን ላይ አቆመችው፤ በልጅቷ ቁመት ልክ ሆነ።

ልጅቷ ቀረብ ብላ አየችው። ቅንድቧን በጣቷ ነካች። ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። መስታወቱን ታመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ የሚያያትን ሰው ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደተማረችው ጎንበስ አለችና፣

«ወዐለይኩም ሰላም» አለችው።