ሦስት ስኒ በጾም ሆድ

ልጄ ቼዝ መጫወት የጀመረችው ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው። መጀመሪያ ከገበጣ የተለየ አልመሰለኝም። እኔ ከጉና ግርጌ ካለ መንደር እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ነው በትዳር ወደ ደብረ ታቦር የወረድሁት፤ የላስቲክ ፈረስና የላስቲክ ንጉሥ ላይ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደሚያፈጥ የት አውቄ።

እያደር ግን ልጄ የምሯን እንደያዘችው ገባኝ። ምሳዋን ትታ ሰሌዳውን ታጠናለች። ውኃ ቅጂ ብላት ባልዲውን እንዳንጠለጠለች በር ላይ ቆማ ታስባለች። ዘንድሮ ደግሞ መምህሯ ከከተማችን ሴቶች አንዲት ብቻ ተመርጣ ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር እንደምትሄድ ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «እማዬ፣ ሁለተኛ መውጣት ምንም አይጠቅምም። ያለው አንድ ቦታ ነው» አለችኝ። እኔም የእሷን ጭንቀት ተቀብዬ ከእሷ ብሼ መጨነቅ ጀመርሁ።

መጨነቅ ልማዴ ነው። ልጅ ካስነጠሰ ምች ነው ብዬ የምሮጥ፣ አሥር ደቂቃ ከዘገየ መኪና ገጨው ብዬ መንገድ የምወጣ ሴት ነኝ። ስለዚህ ልጄ ከጨዋታ በፊት ምን በላች፣ ምን ጠጣች፣ እንዴት ተቀመጠች እያልሁ መከታተል ያዝሁ። እንዲህ ስከታተል ነው ነገሩ ሁሉ ቡናው ላይ ያረፈው።

በእኛ ቤት ልጅ ቡና አይጠጣም ነበር። ልጅ ቡና ከጠጣ ይጠቁራል ስንባል ነው ያደግነው፤ ባላምንበትም ደፍሬ አልሰጠሁም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ግን ለጥናት እያለች ትነዘንዘኝ ጀመር፤ አንድ ስኒ ፈቀድሁላት። አንድ ጠጥታ ስትጫወት ዓይኗ ከሰሌዳው አይነቀልም፤ ሰው ቢገባ ቢወጣ አትሰማም። ሳትጠጣ ስትቀር ታዛጋለች፣ ጸጉሯን ትፈትላለች፣ ወታደሯን በነጻ ታስበላለች። ሁለት የጠጣች ዕለት ደግሞ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል፤ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል። ይህንን ማንም አልነገረኝም። አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥሁ ያየሁት ነው።

ያየሁትን ግን አላመንሁም፤ የተማረ ሰው ልጠይቅ ብዬ መምህሯ ዘንድ ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑ ነው፤ መምህር ናቸውና አንቱ ነው የምላቸው።

«መምህር፣ ቡና ለቼዝ ይሆናል ይላሉ?»

«አንድ ስኒ አይከፋም፣ እናቴ። ቡና ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ ሐሳብ ይሰበስባል። ሲበዛ ግን ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውን ያስቸኩላል። በቼዝ ደግሞ የቸኮለ አለቀለት።»

«መቼ ትጠጣው?»

«ከጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ። ሆዷ ግን ባዶ አይሁን። ደግሞ በውድድር ቀን የለመደችውን ብቻ፤ አዲስ ነገር እንዳይሞክሩባት።»

ከዐረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! እዚያ አሠሪዬ ልጆቿ ሲፈተኑ ቡናውን ትቆልፍበት ነበር። ውኃ አጠጫት ይልቅ።»

«ታዲያ ልጆቿ አለፉ?»

«ታላቁ ወደቀ። እሱ ግን ድሮም ሰነፍ ነው።»

ከእሷ የተረፈኝ ይኸው ነው። መምህሩ ያሉትን ያዝሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጨዋታ ቀን አንድ ስኒ ብቻ፣ ያውም በልታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄ የገጠማትን ሁሉ አሸነፈች። መጨረሻ ላይ እሷና የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ሁለት ብቻ ቀሩ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዓርብ ዋለ። ሁዳዴ ነበር። ልጄ ትጾማለች፤ የንስሐ አባታችን ተማሪ ስለሆነች እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃታል ብለው ፈቅደውላታል። ጨዋታው ሰባት ተኩል ነው። ጠዋት እህልም ቡናም አፏ አልገባም። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽሮውን አቀረብሁ። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «እማዬ፣ ሆዴ ተዘጋ» አለች። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ በእጄ ላጎርሳት ሞከርሁ፤ እንቢ አለች። ቡናውን ቀዳሁላትና አንዱን ስኒ ጠጣች። እዚህ ላይ ብተዋት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ተነሥታ ሹራቧን ስትለብስ ልቤ ፈራ። ቡና የቀመሰ ሰው ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ ሳይጠጣ አይነሣም፤ በረከቱ ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ቀኑ ከበደኝ። ልጄን ያለ በረካ ሰድጄ ብትሸነፍ ዕድሜ ልኬን ራሴን እበላለሁ ብዬ አሰብሁ።

«ቁጭ በይ። በረካውን ሳትጠጪ አትሄጂም።»

«መምህር አንድ ብቻ ብለዋል እኮ!»

«መምህር ምርቃቱን አብረው ሰጡሽ? ቁጭ በይ ነው የምልሽ። ደግሞ የጠዋቱንም አልጠጣሽም፤ ይካካስልሻል።»

ሁለተኛውን ጠጣች። ሦስተኛው እንደ ወጉ ቀጥኖ ሲወርድ አየሁትና በዚህ ቀን ለልጄ እጣቢ አልሰጥም ብዬ አዲስ የተወቀጠ ቡና ጨመርሁበት። አፈላሁት። ጠቆረ። በአንድ ትንፋሽ ጨልጣው ፊቷን አኮሳተረችና «ይኸው፤ ደስ ይበልሽ» ብላኝ ወጣች። እኔም ደስ ብሎኝ መርቄ ተከተልኋት።

ጨዋታው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ወላጅ አይገባም ስለተባለ በመስኮት ነው ያየሁት። መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር፤ ከዚያችኛዋ ልጅ ሁለት ወታደርና አንድ ፈረስ በላች። ከዚያ ጉልበቷን አየሁት። ይርገበገባል። ትንሽ ቆይታ ብድግ አለችና ወደ መጸዳጃ ሮጠች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰዓት የእሷን ጊዜ ይቆጥራል። ስትመለስ ገና ሳትቀመጥ አንድ እርምጃ ተጫወተች። «ቀስ በይ» ልላት አፌን ስከፍት መምህሩ ከውስጥ ገላመጡኝ።

ቀጥላ እጇን ሰደደች። ኋላ እንደነገረችኝ ልታነሣ የፈለገችው ፈረሷን ነበር። እጇ ቸኩሎ አጠገቡ ያለችውን ንግሥት ያዘ። ወዲያው ለቀቀቻት፤ ግን ረፍዷል።

«ነክታታለች!» አለች ያችኛዋ።

ዳኛው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በቼዝ የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። ንጉሡን ትጠብቅ የነበረች ያቺው ንግሥት ነበረች፤ ከቦታዋ ስትነሣ ንጉሡ ሜዳ ላይ ቀረ። ጥቂት እርምጃ ሄደው አለቀ። ልጄ ተነሥታ ያችኛዋን ጨበጠቻት።

ሰው ሲወጣ ገፍቼ ገባሁ።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ስኒ አጠጥቻታለሁ። በጾም ሆዷ! ይድገሙላት።»

«እናቴ፣ ዳኛው ስለ ቡና አይጠይቅም።»

«እርስዎ አንድ ብለው ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ።»

«ገባኝ። ግን ንግሥቲቱን የነካችው እሷ ናት።»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥፋቴን ተሸክሜ በእግሬ ሄጄ የሚቀበለኝ ሰው ማጣቴ። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማኝ ትሄዳለች። በሩ ላይ ስንደርስ ዞራ «መሸነፌ አንሶ፣ እናቴ ቡና አጠጥታኝ ነው ይባልልኝ? ሰው ፊት ሕፃን አደረግሽኝ» አለችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ሳልከፍት ገብታ በሩን ዘጋችው።

በሳምንቱ ያቺ ያሸነፈቻት ልጅ ቤታችን መጣች። መምህሩ ልጄን አሸናፊዋ ባሕር ዳር እስክትሄድ ድረስ አለማምጃት ብለው ለምነዋት ነበር፤ እሷም እሺ ብላለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እንግዳዋ ከአንበሳሜ መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር ቀጭን ልጅ ናት፤ ሥርዓቷ ያማረ፤ ያም ራሱ አናደደኝ። ሰሌዳውን ሲዘረጉ ቡና ደርሶ ነበርና እንግዳ ናት ብዬ ጠየቅኋት።

«ልቅዳልሽ? ወይስ አትጠጪም?»

«ኧረ ይቅዱልኝ፣ እትዬ! እኔ ያለ ቡና ዓይኔም አይገለጥ። ያን ዕለት አራት ጠጥቼ አይደል የመጣሁት።»

«አራት? አልጾምሽም ነበር?»

«ጾሜ ነበር እንጂ፤ ሁዳዴ አልነበር? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቤት ውስጥ እያጠጡኝ ነው ያደግሁት።»

ቀድቼ ሰጠኋት። አራት! በጾም ሆድ! እጇን አየሁት። ስኒውን ስትቀበለኝ ጠብታ አልፈሰሰም። ታዲያ ልጄን የጣላት ምንድን ነው? ሦስቱ ስኒ ነው? አለመልመዷ ነው? አለመብላቷ ነው? ወይስ ይህቺ ቀጭን ልጅ በእውነት ትበልጣታለች? መምህሩን ብጠይቅ ልምድ ነው ይሉኛል። ጎረቤቴን ብጠይቅ ነግሬሽ አልነበር ትለኛለች። የሚያውቅልኝ የለም። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እንኳ በእርግጠኝነት መቀመጥ አልቻልሁም።

«እኔ የምለው» ብዬ ጀመርሁ፣ «አንቺ ራስሽ ምን ይመስልሻል፤ ቡናው ነው ወይስ...»

ልጄ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሣ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እማዬ፣ እያሰብን ነው።»

ያን ቀን የተሸነፈችበትን ጨዋታ ከመጀመሪያው እየደረደረች ባሕር ዳር ለምትሄደው ልጅ የት ላይ ልትያዝ እንደምትችል ታሳያት ነበር፤ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳትደብቅ። ጉልበቷን አየሁ። አይነቃነቅም። ጥያቄዬን ትቼ ለሁለተኛው ውኃ ልጨምር ጀበናውን አነሣሁ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አላዩኝም።