ደረቁ ቦይ

አቶ ሳህሌ ደብረ ማርቆስ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዚያን ጊዜ ተማሪዎቻቸው ዛሬ ተሰብስበው ቢጠየቁ፣ ከካርታውና ከጠመኔው በፊት የሚያስታውሱት አንድ ነገር ነው፤ በፈተና ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በወንበሮቹ መካከል እየተንጎራደዱ፣ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እርሳስ እንዳታነሱ!» ማለታቸውን። እኚሁ ሰው በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ አትላንታ ከተማ ውስጥ፣ ያንኑ ጥፋት ራሳቸው ሠሩት።

ዲቪ ደርሷቸው ከመጡ ወዲህ ብዙ ሥራ ሞክረዋል። ከሁሉም የወደዱት የመጨረሻውን ነበር፤ ዳውንታውን ባለ አንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ጎብኚ ዕቃ እንዳይነካ ይጠብቃሉ። ክራቫት ያስራሉ። ሰው «ሰር» ይላቸዋል። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ሀፍሳን ከደጇ ያነሷታል። ሀፍሳ የከሚሴ ልጅ ናት፤ የአዳራሹን ወለል የምታጸዳ፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ የማይቻል ሴት። ከፊት ወንበር ትቀመጥና ሬድዮኑን እንደ ራሷ ዕቃ እየነካካች ትጀምራቸዋለች።

«ጋሼ፣ ስፒድ ሊሚቱ እኮ ሃምሳ አምስት ነው። በቅሎ ላይ ያሉ መሰለዎት እንዴ?»

«መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ምክር አያበዛም» ይሏታል።

በመጋቢት ወር ማህናዝ የምትባል ኢራናዊት ሠዓሊ መጣችና በአዳራሹ መካከል የአትክልት ስፍራ ሠራች። ግን አንድ ቅጠል እንኳ የለበትም። ዙሪያውን ጭቃ የመሰለ ግንብ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት አንድ ጠባብ በር። ከውስጥ አራት መደብ፤ በአበባ ፈንታ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ ተነጥፎባቸዋል። በአራቱ ማዕዘን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በተወጠረ አረንጓዴ ክር የተሠሩ፣ የፈረንጅ ጥድ የሚመስሉ ዛፎች ቆመዋል። መሐል ላይ ሰማያዊ ገንዳ፤ ከገንዳውም ወደ አራቱ አቅጣጫ የሚሄዱ አራት ቦዮች። ሦስቱ ውሃ ይፈስባቸዋል። አንዱ ግን ደረቅ ነው፤ ወለሉ ላይ መዳፍ የሚያህሉ፣ እሳት ያልነካቸው የሸክላ ጡቦች ተደርድረዋል።

በሩ አጠገብ ማብራሪያ ተለጥፏል። አቶ ሳህሌ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበቡ። የጥንት ፋርሶች አትክልታቸውን በገነት አምሳል ይሠሩ እንደነበር፣ እነዚህም ቦዮች የገነት አራት ወንዞች ምሳሌ እንደሆኑ ይናገራል። እዚያ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። አራቱን ወንዞችማ በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ለስንት ልጅስ አስተምረዋል! ከበሩ ጀምረው በጣታቸው እየቆጠሩ ዞሩ። «ፊሶን» አሉ የመጀመሪያውን። ቀጥሎ ደረቁ ላይ ሲደርሱ ግዮን ሆነ። ግዮን! አባይ!

«ይሄ ምነው ደረቀ?» አሏት ሀፍሳን።

«የእኛም ጀነት ወንዝ አለው ጋሼ፤ የውሃ፣ የወተት፣ የማር። ይሄ የወተቱ መሰለኝ፤ ጠጥተው ጨርሰውታል።»

ሳቁ። ነገሩ ግን ከሆዳቸው አልወጣም። ሠዓሊዋ ቧንቧው ሳይደርስላት ቸኩላ የሄደች መሰላቸው። በማግስቱ፣ አዳራሹ ሳይከፈት፣ ከጠርሙሳቸው የተረፈችውን ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ሸክላው እስስስ ብሎ ጠጣው። ከዚያ ያ ሽታ መጣ፤ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ። አቶ ሳህሌ አጎንብሰው እንደ ሕፃን አሸተቱ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ያፈሳሉ፣ ያሸታሉ፣ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሀፍሳ መወልወያዋን ይዛ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ሃየር ያደረጉዎት ለሴኩሪቲ ነው ለመስኖ?»

«ዝም በይ እባክሽ፤ ይቺ ጠብታ ማንን ትጎዳለች?»

«ወላሂ እኔ ምንም አላየሁም!» አለችና እየሳቀች ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት የጡቦቹ ጠርዝ ሟሙቶ ወደ ጭቃ ተለወጠ። የአዳራሹ ሱፐርቫይዘር ሠራተኛውን ሁሉ ጠርታ፣ ያንን የተለጠፈ ማብራሪያ ጮክ ብላ አነበበችው። አቶ ሳህሌ ሁለተኛውን አንቀጽ የሰሙት ያኔ ነው። ደረቁ ቦይ በማህናዝ የትውልድ ከተማ እየደረቀ ላለው ወንዝ መታሰቢያ ነበር። ጡቦቹ ከዚያው ወንዝ ወለል በተዛቀ ጭቃ የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱም ላይ አባቷ፣ ከመሞታቸው በፊት፣ አውራ ጣታቸውን አትመውበታል። አሁን የዐሥራ አንዱ ጡብ አሻራ ጠፍቷል።

«ይህን ቦታ ያረጠበው ማን ነው?»

 ሱፐርቫይዘሯ የመወልወያውን ባልዲ አየች፤ ቀጥላ የባልዲውን ባለቤት አየች።

«እኔ የምወለውለው ከግንቡ ውጪ ነው» አለች ሀፍሳ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኗን ወደ አቶ ሳህሌ ወረወረች። ስማቸውን አልጠራችም። ጠበቀች።

አቶ ሳህሌ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ጥፋተኛ መባሉን ይችሉት ነበር። ያልቻሉት ሌላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ክራቫት ያሰሩት መምህር፣ ጽሑፍ ሳይጨርሱ የሰው አባት አሻራ ያጠቡ መሃይም ሆነው መቆማቸውን። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት። ሀፍሳ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

በማግስቱ ደጇ ላይ ቆመው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ አልወጣችም። የቀጠራት የጽዳት ኩባንያ ጥፋቱን የእሷ ቆጥሮ፣ ከከተማው ርቃ ባለችው ኬኔሶ ወደሚገኝ የቢሮ ሕንፃ አዛውሯት፣ ሦስት አውቶቡስ ለመለዋወጥ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታለች። ቢደውሉ አታነሳም።  የመኪናው ሬድዮ እሷ በተወችው ጣቢያ ላይ እንዳለ ነው፤ እጃቸውን ሰድደው መቀየር አቃታቸው።

በዐሥረኛው ቀን ማህናዝ መጣች። ቦዩ ዳር ተንበርክካ ጭቃውን በብሩሽ ስትጠርግ፣ አቶ ሳህሌን ባትሪ እንዲያበሩላት ለመነቻቸው። ብርሃኑ አሻራው የጠፋ ጡብ ላይ ሲያርፍ፣ ባትሪውን ወደ ግንቡ መለሱት።

«ደከመዎት?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ወንዛችን መስሎኝ ነው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። አልጮኸችም። ስለ ግዮን ሲነግሯት፣ ስለ ሽታው ሲነግሯት ብሩሹን አስቀምጣ ሰማች። አንዱን ጡብ አንስታ፣ የአባቷ አሻራ በነበረበት ቦታ የራሷን አውራ ጣት አሳረፈች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በዚህ ሰበብ ከዚህ አነሷት የተባለችው ሴትዮስ?»

ባትሪውን አጥፍተው ተነሡ።

አብረው ሄደው ለሱፐርቫይዘሯ ነገሯት። አቶ ሳህሌ ያን ዕለት ባጃቸውን መልሰው ከሥራው ወጡ። የሀፍሳ ስም ከጥፋቱ ነጻ ወጣ፤ ቦታዋ ግን በሌላ ሰው ተይዟል። እዚያው ኬኔሶ ቀረች።

በነጋታው፣ ገና ሳይነጋ፣ ደጇ ላይ ፓርክ አድርገው ጠበቋት።

«ምን ፈልገው ነው?» አለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች።

«ላደርስሽ ነው። ተናገርኩ ሀፍሳ፤ ሁሉንም ተናገርኩ።»

«ሰምቻለሁ፤ ከአዳራሹ ደውለውልኛል። ያን ቀን ምን አፍዎን ያዘው?»

«ኩራት» አሉ። ሌላ ቃል አላገኙም።

«እኔ እኮ አይቼ ዝም ያልኩት፣ ጋሼ ሳህሌ ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ባልዲዬን ሲያይ፣ እኔ የእርስዎን አፍ ነበር የማየው!»

አውቶቡሱ በመንገዱ ማዶ መጥቶ ቆመ። ሀፍሳ አየችው። አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

አሁን አቶ ሳህሌ ከሰዓት በኋላ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራሉ። ጠዋቱ የሀፍሳ ነው፤ በየቀኑ ኬኔሶ ያደርሷታል። ሁለት ወር ሙሉ ከኋላ ተቀምጣለች፣ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ። ሬድዮኑን አትነካም። በሃምሳ አምስቱ መንገድ ላይ በአርባ ሲነዱ እንኳ ምንም አትልም። ዝምታዋ ከስድብ ይከብዳቸዋል፤ ግን «ይገባኛል» ይላሉ ለራሳቸው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው።

ባለፈው ሐሙስ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ሳለ ሳል ያዛቸው፤ አልለቅ አለ። ከኋላ አንድ እጅ ተዘረጋ። የውሃ ጠርሙስ ይዟል።

«ይጠጡት» አለች። «እዚሁ እያየሁዎት ይጠጡት፤ ሌላ ቦታ እንዳያፈሱት።»

ቀልድ ይሁን ተግሣጽ በመስታወቱ ሊያዩ ሞከሩ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ባዶውን ጠርሙስ ባዶው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡና፣ አረንጓዴው ሲበራ ነዱ።