የቀሩት ሁለት ፎቶዎች

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ከብረት በሩ ሥር የጣት ስፋት ብርሃን ይገባል። ግድግዳው እጅ ያቃጥላል። ወለሉ ላይ ካናቴራውን አውልቆ የተኛ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የአገሬ ልጅ፣ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"አንተ ደግሞ ምን ገጭተህ ነው?"

"ፎቶ አንስቼ።"

"ወይ ጉድ! እኔ እንኳ አጥር ነው የገጨሁት።"

ያነሳሁት ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ነበር። አርብ፣ በእረፍት ቀናቸው፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ተሰብስበው አሠሪዎቻቸው የያዙባቸውን ፓስፖርት እንዴት እንደሚያስመልሱ ይመክራሉ። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ሲመጡ ሴቶቹ በጓሮ አመለጡ። እኔ ሌንሴን ሳስተካክል ተያዝኩ። በእኛ ሙያ ይህ ድፍረት ይባላል።

አባቴ የሰፈር ፎቶ ቤት ነበረው። ፎቶውን ከነኔጋቲቩ በፖስታ አድርጎ ለባለቤቱ ይሰጣል። "የሰው ፊት እኔ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?" ይል ነበር። እኔ ግን ተምሬ ዶክመንተሪ ፎቶ አንሺ ሆንኩ፤ መሳቢያዬ በሰው ፊት ተሞላ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ድሬዳዋ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

"ፊልሙ ነገ ይታጠባል። በየፊታቸው እንለቅማቸዋለን" አለኝ። ከዚያ ካሜራው ላይ የተነሳውን ፎቶ የሚቆጥረውን ቁጥር አየ። "ሁለት ይቀረዋል። ከሚባክን እኔን አንሳኝ።"

ያኔ ፊልም ሳያልቅ ማሳጠብ እንደ ኃጢአት ይቆጠር ነበር። ሰው የተረፈችውን በድመትም በአበባ ማስቀመጫም ይጨርሳታል። የመንግሥት ምርመራም ለካ ይኸው ነው።

ካሜራውን ሰጥቶኝ ኮፍያውን አጠለቀ። ጢሙን በምራቅ አስተኛ። መስኮቱ አጠገብ ቆመ።

"አደራ፣ እንዳታጠቁረኝ።"

"አገጭህን ቀና አድርግ" አልኩት። አደረገ። "ፈገግ በል።" ፈገግ አለ። የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ ፊልሙን ፀሐዩ ላይ ዘረገፍኩት።

ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኻል።

"ፊልሙን አጠቡልህ?" አለኝ ሹፌሩ ስመለስ።

"ፀሐይ አሳይቼ አቃጠልኩት።"

ጀሪካኑን ገፋልኝ። ውሃው የሁለታችን የቀኑ ድርሻ ነበር፤ ቀድሜ እንድጠጣ ነው።

ከአገር አስወጡኝ። ይህን ታሪክ በየኤግዚቢሽኑ ተናግሬ ብዙ ተጨብጭቦልኛል። የረሃብን ፎቶ ከወይን ብርጭቆ ጋር የሚጎበኙ ሰዎች "ለተገፉት የቆመ ዓይን" ብለው አስተዋውቀውኛል። ወድጄውም ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጭብጨባው ሲያልቅ አንዲት ሴት በሩ ላይ ያዘችኝ። ከዚያ ግቢ ሴቶች አንዷ ነበረች።

"አሳልፈህ ስላልሰጠኸን እግዜር ይስጥህ" አለች። "ግን ለእናቴ የምልከው ፎቶዬስ? አጥቤ እሰጥሻለሁ ብለኸኝ አልነበር? እሷኮ ስትጠብቅ ሞተች።"

ያን ሁሉ ዓመት ስናገር ይህን አንድም ቀን አላስታወስኩም።

እዚያው ደጃፉ ላይ አነሳኋት። ማዶ ካለው ፎቶ ቤት አሳትሜ በፖስታ ሰጠኋት። ኔጋቲቭ የሚባል ነገር ስለቀረ፣ እያየችኝ ከካሜራዬ አጠፋሁት።