ከምላጭ በፊት ውሃ

ሰፈሩ በሙሉ ፀጉር አስተካካያችንን «ቀዝቃዛው» ነው የሚለው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው በወጣትነቱ አላየውም ማለት ነው። ያኔ ገና ሥራ እየለመደ ሳለ፣ ስለ ኳስ ሲከራከር ደሙ ፈልቶ የአንዱን ደንበኛ ጺም ግማሹን ላጭቶ፣ «ቀሪውን የምትደግፈው ቡድን ይላጭልህ!» ብሎ ከወንበሩ ያስነሣ ጉደኛ ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ ግማሽ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ወጣ።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ግን አልጮኹበትም። እጁን አስዘረጉትና ከጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት። «ምላጭ የሚይዝ እጅ ሌላ ነገር አይይዝም። ኳሱንም ንዴቱንም እዚህ ጣለው» አሉት፣ ወደ ሳፋው እያመለከቱ።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካያችን እጁን ሳይታጠብ ምላጭ አንሥቶ አያውቅም። ጥግ ወዳለችው ቧንቧ ይሄዳል፤ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ይታጠባል። ፎጣ አይነካም። ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ውሃው በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ይቆማል፤ እስኪደርቅም ለማንም ትንፍሽ አይልም። ነገሩን የማያውቅ አዲስ ደንበኛ ይህን በመስታወት ሲያይ ዘራፊ የገባ መስሎት የራሱንም እጅ ከነጩ ጨርቅ ሥር አውጥቶ ያነሣል።

«ቸኩያለሁ» የሚለው አይጠፋም። እሱ እጁ ሲደርቅ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ሥራውን ይጀምራል። ለመላጨት ሳይሆን ጋዜጣ ለማንበብ በየቀኑ የሚመጣ አንድ ጡረተኛ ወዳጅ አለው፤ እሱ ደግሞ፣ «በዝናብ ወራት እዚህ መላጨት ትርፉ ድካም ነው። የዚህ ሰውዬ እጅ እስኪደርቅ የተላጨው ጺም ተመልሶ ይበቅላል» እያለ ቤቱን ያስቃል።

ቤትም ቢሆን ያው ነው። ነገር ሲከር ሚስቱ «ዝም በል» አትለውም፤ «ሂድ ታጠብ» ነው የምትለው። ፀጉር ቤቱ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ውሃ የምታፈስለት ደግሞ አንድዬ ልጁ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ፣ ጆጉን በሁለት እጇ አቅፋ ታፈሳለች። ስትጨርስ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «በረደልህ?» ትለዋለች። «በረደልኝ፣ ልጄ» ይላታል። እጁ ሳይደርቅ መልስ የሚሰጠው ለእሷ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህች ልጅ አደገችና ልታገባ ሆነ። የመረጠችው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሥራ ወዳድ ነው፤ የፀጉር ቤቱን መስመር በሙሉ ማንም ሳይጠይቀው አድሶ፣ ብልጭ ድርግም ሲል የኖረውን መብራት ቀጥ አድርጎታል። ግን ያወራል። ቆሞ ያወራል፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ያወራል፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞም ያወራል። አባትየው «ሬዲዮ» ብሎ ሰየመው። «እንዲያውም ሬዲዮን በደልኩት፤ ሬዲዮ መዝጊያ አለው» ይላል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ወሬው ሰበብ ነበር። የሰውየው ሆድ ባብቷል። አንድዬ ልጁ ከቤት ልትወጣ ነው፤ ይህን አውጥቶ መናገር ስላልሆነለት በልጁ እጮኛ ምላስ አሳበበ። በዚህ መሃል ነው ሬዲዮ አንድ ቀን ደንበኛ በሞላበት፣ «አባባ፣ የሠርጌ ዕለት ጉንጬን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልሰጥም» ብሎ ያወጀው።

ጡረተኛው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ «ኑዛዜህን ጨርሰሃል?» አለው።

ሚስትየዋም ፈርታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ካልሆነልህ ሌላ ይላጨው» ብላ ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ሌላ ከላጨው «አማቹን መላጨት ፈራ» ሊባል ነው። እሱ ላጭቶ ከቆረጠው ደግሞ «ሆን ብሎ ነው» ሊባል ነው፤ ከዚያም በላይ ልጁ በሠርጓ ቀን ያንን ጭረት ስታይ ልትውል ነው። ይሄኛው ነበር እንቅልፍ የነሣው።

የሠርጉ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ለሙሽራው ብቻ ተከፈተ። ጡረተኛው እንኳን ዛሬ በአዘቦቱም አይቀርም፤ ቦታውን ይዟል። ሙሽራው ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ስለ መኪናዎቹ፣ ስለ ኬኩ፣ አዳራሹ ውስጥ ስለተዘረጋው የመብራት ገመድ ያወራል። አባትየው ጉንጩን አረፋ ቀባውና ወደ ቧንቧው ሄዶ ከፈተ። ቧንቧዋ አንዴ አንኮራፋች፣ ትንሽ አየር ሳለች፣ ዝም አለች። ውሃ ጠፍቷል። ለክፉ ቀን ተብሎ የሚቀመጠው ጀሪካን ደግሞ ለድግሱ ተብሎ ትናንት ወደ ቤት ተወስዷል።

«ምን ችግር አለው፣ አንድ ቀን ነው» አለ ለራሱ። ምላጩን አነሣ። እጁ ተንቀጠቀጠ።

ሙሽራው በመስታወቱ ውስጥ አየው። ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬውን ከመሃል አቋረጠ። ጡረተኛው ስልኩን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ በር ወጥቶ ወደ ሰውየው ቤት ደወለ፤ «ቶሎ ውሃ ላኩ! ቀዝቃዛው ፈልቷል!» ሲል እስከ ውስጥ ተሰማ።

«አባባ፣ ግድ የለም ይተዉት» አለ ሙሽራው በቀጭን ድምፅ። «ከነጺሜም ቢሆን ታገባኛለች።»

አባትየው ምላጩን አስቀመጠና አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ልንገርህ» አለ። «እጄ የሚንቀጠቀጠው ውሃ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ልጄን ልትወስድብኝ ነው። ያለችኝ እሷ ናት።»

ሙሽራው ፊቱ አረፋ እንደሆነ ዞረ። «የእኔም እግር እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጨርቁ ሸፍኖት ነው እንጂ። እኔ እኮ የማወራው ስፈራ ነው፣ አባባ። እርስዎ ፊት ደግሞ ያልፈራሁበት ቀን የለም።»

አባትየው አየው። ያ ሁሉ ወሬ፣ መሰላል ላይ የተወራው ሁሉ፣ ፍርሃት ነበር ማለት ነው! ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ሙሽራውም ሳቀ፤ ሲስቅ አረፋው አፉ ውስጥ ገባ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሙሽሪት ናት። ግማሽ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፣ ግማሹ ተበትኗል፤ አናቷ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ በነጠላ ጫማ፣ ጆጉን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። እጮኛዋን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ወደ አባቷ ሄዳ፣ «ዘርጋ» አለችው።

ዘረጋ። አፈሰሰች።

«በረደልህ?»

እጁን አልሰበሰበም። «ትንሽ ጨምሪልኝ» አላት። ጆጉን እስከ መጨረሻ ጠብታው ደፋችለት። «በረደልኝ፣ ልጄ» አለና እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። እንባው መጣ፤ እጁ ተሰቅሏል፣ መጥረግ አይችልም። ልጁ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችለት።

ሙሽራው ያለ አንዲት ጭረት ተላጨ። ጉንጩ የተላጠ እንቁላል መሰለ። ጡረተኛው ዙሪያውን እየዞረ መረመረና፣ «ኑዛዜው ለሌላ ጊዜ ይቆይ» አለ።

ከሠርጉ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ቧንቧዋ አሁንም እንዳኮረፈች ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ጉንጩን አረፋ ተቀብቶ ይጠብቃል። አባትየው ቧንቧዋን ቆሞ ሲያያት ከመንገድ ላይ የሚታወቅ ድምፅ መጣ፤ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለፈሰሰው ውሃ ያወራል። አማቹ ጆግ ታቅፎ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ገባ። «እሷ ናት የላከችኝ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ እንጂ ሙሉ ነበር...»

አባትየው እጁን ዘረጋ። አማቹ ዝም አለ። ውሃውን ቀስ ብሎ፣ ከጣት እስከ ክርን፣ ሳይቸኩል አፈሰሰ። ሲጨርስ ጆጉን ደረቱ ላይ ይዞ ትንሽ አመነታ።

«አባባ... በረደልዎት?»

ጡረተኛው ከጋዜጣው ጀርባ አንገቱን አወጣ፤ ሰውየው እጁ እስኪደርቅ እንደማይናገር ያውቃል።

«በረደልኝ፣ ልጄ» አለ ቀዝቃዛው፣ ውሃው ገና ከክርኑ እየተንጠባጠበ።