ያላወቀች እናት

ጥቅምት አሥራ ሁለት ነበር ልበል? ሚካኤል ቢሆን ኖሮ ግን ሴቶቹ ለስብሰባ አይመጡም ነበር። አሥራ ሦስት ይሆናል። ቆላ ከተማዋ ሸሕዲ ላይ፣ ለእናቶች ሊታደል የታሰበ የጤና መጽሐፍ ረቂቅ አነብላቸው ነበር፤ አማርኛውን ያረምሁት እኔ ነኝ። «እናት የልጇን ሕመም ከማንም ቀድማ ታውቃለች» የሚለው ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አነሳች። እናቴ ሁልጊዜ ትለው ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ያን መስመር ሳልነካው አልፌው ነበር።

ሴትዮዋ የሻረግ ትባላለች። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ለሠራተኞች ታበስላለች። ባሏ ቢሻው ትራክተር ይነዳ ነበር፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቤት ይውላል። የሦስት ዓመቷን ሔለንን የሚያጥባትም፣ የሚያለብሳትም እሱ ነው።

መስመሩን ያውጡልን አለችኝ። ለምን ስላት፣ ብዙ ጊዜ ተናግራ እንደሰለቻት ሰው ቀስ ብላ ነገረችን።

ባለፈው ክረምት ሔለንን ትኩሳት ያዛት። እዚህ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ የሻረግም ወባ ነው አለች። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጧት፣ ትኩሳቱ እየሄደ ተመለሰ። ቢሻው ግን የልጅቱን ሱሪ ሲያስር ገመዱ በየሳምንቱ አጠረበት። እግሯ እየቀጠነ ሆዷ ብቻ ያድጋል። የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው፣ ካልታከመ የሚገድለው ካላዛር ይሆናል ብሎ ፈራ። የሻረግ ሳቀችበት። ካላዛር ከደጋ ለሥራ ወርደው ግራር ሥር የሚያድሩትን ሳሉጎች ነው እንጂ አጎበር ውስጥ የምትተኛን ልጅ ምን ብሎ ይይዛል? አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሲወስዷትም ባለሙያዋ እሱን አልፋ እሷን ጠየቀች።

«‹እናቷ አንቺ ነሽ፤ ልብሽ ምን ይልሻል?› አለችኝ» አለች የሻረግ። «ወባ ይለኛል አልኋት። እንደገና የወባ መድኃኒት ይዘን ተመለስን።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጅቱ መቆም ሲያቅታት ቢሻው አዝሎ ሆስፒታል ወሰዳት። ካላዛር ነበር። ከአሥራ ሰባት ቀን መርፌ በኋላ ተረፈች።

አብረውኝ የመጡት የመጽሐፉ አዘጋጅ ወጣቶች እንግዲያው «እናት» ወጥቶ «አሳዳጊ» ይግባ አሉ። ሰባት የወለዱት እትዬ አሰበች ተቆጡ፤ አሳዳጊ የሚባለው እናት ለሞተችበት ነው፣ እኛ መች ሞትን አሉ።

«ደግሞስ ሱሪ አሰረ ብለን ቢሻውን እናት ልንለው ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። የሻረግም ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

«እናት በሉኝ፣ እትዬ። እናቷ ነኝ። ታውቃለች ብቻ አትበሉ። ያላወቅሁ ዕለት ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ እኔን ነው። ያወቀውን ደግሞ ማንም አልጠየቀው።»

መስመሩን ሰረዝሁት። በቦታው ምን እንድጽፍ እንደምትፈልግ ልጠይቃት ቀና ስል ወንበሯ ባዶ ነው። ወደ እርሻው የሚመለሰው ትራክተር ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቷል። የሠራተኞቹ ራት አለባት፤ ተጎታቹ ላይ ወጥታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ከአቧራው ሸፍና ሄደች።