በሰጠችኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ

እስከ ዛሬ ከአፌ ያልወጣ ነገር ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለባሌም አልነገርኩትም። ሁለቱም መምህርት መሆኔን ለሰው ሲያወሩ ደስ ስለሚላቸው ዝም እላለሁ። እናንተ የማታውቁኝ ግን ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል። ስትጨርሱ ፍረዱብኝ እንጂ አትፍረዱልኝ።

እኔ አንዲት መምህርት ላይ ክፉ ጽፌያለሁ። የጻፍኩትም እሷው በሰጠችኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ስሜ ሀያት ነው። አባትና እናቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ከበቆሎው ማሳ እየተመላለስኩ ተምሬ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። ኮሌጁ ውስጥ የክፍል ምልከታ የሚባል ነገር አለ። እጩ መምህር ለሦስት ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት ይመደባል፤ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር ያያል፤ ያየውን በቅጽ ይሞላል። እኔ የደረሰኝ ሰባተኛ ክፍል፣ የሳይንስ ትምህርት ነበር። የምታስተምረው መምህርት አርየት የምትባል፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ አርባዎቹን ያጋመሰች የአኙዋክ ሴት ናት።

በመጀመሪያው ቀን ከኋላ መቀመጫ ፈልጌ አጣሁ። ለሦስት በተሠራው ዴስክ ላይ አራትና አምስት ልጅ ተጣቦበታል። ደብተሬን ታቅፌ በሩ ጋ ቆምኩ። አርየት ስታየኝ የራሷን ወንበር አንስታ እያነከሰች መጣችና ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ አኖረችልኝ። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ትምህርት ቤቱ የሚሰጣት ስላጣ ከቤቷ ያመጣችው መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት።

“ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ይቀመጡ” አልኳት።

“እርስዎ አትበይኝ። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ብዙ አታድርጊኝ” ብላ ሳቀች። “ቁጭ በይ። እንግዳ አይቆምም።”

ቁጭ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ አልኩ።

ቀኝ ጉልበቷ ባጃጅ ተገልብጦባት የተጎዳ ነው። ራሷ ነግራኛለች፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ከእኔ በፊት ጥቂት ቁጭ እያለች፣ አረፍ ካለች በኋላ ተነስታ በዴስኮቹ መሃል እየዞረች ታስተምር እንደነበር ልጆቹ አጫውተውኛል። እኔ ከመጣሁ በኋላ ግን የምታርፍበት አልነበራትም። ክፍለ ጊዜው ሳይጋመስ ግድግዳውን ትደገፋለች። ቆርቆሮው ከላይ ያነድዳል፣ ልብሷ በላብ ይርሳል፣ የግድግዳው ኖራ ትከሻዋ ላይ ይቀራል። ከክፍል ስትወጣ ሴቶቹ ልጆች ተሻምተው ያራግፉላት ነበር።

እንዴት ታስተምር እንደነበር ልንገራችሁ፤ ቅጹ ላይ ያልጻፍኩት እሱን ነውና። አንድ ቀን ስለ ትነት ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ ክፍል አፉን ከፍቶ ያያታል። መዳፏን ከጆግ ውሃ ነክራ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። “ውሃው ሲሄድ ቁጠሩ” አለች። ልጆቹ የእጇን ቅርጽ እያዩ አንዱ በአኙዋክ፣ አንዱ በኑዌር፣ አንዱ በአማርኛ ይቆጥራል። በጋምቤላ ሙቀት ብዙ አያስቆጥርም፤ ጣቶቹ ከጫፋቸው እየቀጠኑ ጠፉ። ከዚያ “የት ሄደ?” አለችና ግድግዳዋን ተደግፋ ጠበቀች። ከፊት የተቀመጠች ዓይነ አፋር ልጅ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ፣ “እኛ ጋ ነው፣ አየሩ ውስጥ” አለች። አርየት እንዴት ደስ እንዳላት! እኔም አስተማሪ መሆን የወደድኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሥራ እንዲሆነኝ ብቻ ነበር የምማረው።

ታዲያ ይህን ያየሁ ሰው ምን ነካኝ?

ቅጹ ላይ “ደካማ ጎን” የሚል ቦታ አለ። የኮሌጁ አስተማሪያችን “ያን ባዶ የተወ፣ ሳያይ የሞላ ነው፤ ውጤት እንዳይጠብቅ” ብሎን ነበር። እኔ ደግሞ ውጤት እወድ ነበር። ከሰፈራ መንደር መጥቼ ከሁሉ በልጬ መታየት እፈልግ ነበር። ድክመት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁባት።

ሌላም ነገር አለ። ቅጹ የመምህሩን ፊርማ ይፈልጋል። እኛ እጩዎቹ ምልከታው ሲያልቅ ባዶውን ቅጽ እናስፈርምና በኋላ ኮሌጅ ገብተን፣ በእርሳስ የያዝነውን በእስክርቢቶ እንገለብጥ ነበር። ሁሉም እንዲያ ያደርጋል፤ ይህን ግን ለማመካኛ አልጠቀምበትም። በመጨረሻው ቀን አምስት ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። መስኮቱ ላይ አስደግፋ አምስቱንም ፈረመች።

“ጥሩ ካለ ጻፊ፣ መጥፎም ካለ ጻፊ” አለችኝ። “እኔ አንቺን አምናለሁ።”

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ፣ ከፊርማዋ በላይ ባለው ቦታ ላይ፣ በውብ የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “መምህርቷ ክፍሉን ተዘዋውራ አትከታተልም። አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ታስተምራለች። የተነሳሽነት ማነስ ይታይባታል።” ግድግዳ መደገፏ እውነት ነው። ለምን እንደተደገፈች ግን አልጻፍኩም። ወንበሯን ማን እንደወሰደባት አልጻፍኩም። ኮሌጁ ኤ ሰጠኝ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በገዛ እጄ አስረከብኩ፤ ማንም አያነበውም ብዬ።

ተነበበ። በዓመቱ ለደብዳቤ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ጸሐፊዋ አጫወተችኝ። ሰባትና ስምንት ለማስተማር ዲግሪ ይጠየቃል ተብሎ፣ በክረምት ዲግሪዋን የምትማርበት ዕድል መጥቶ ነበር። ዕድሉ አንድ፣ ፈላጊዎቹ ሁለት። ኮሚቴው ማኅደሯን ሲያወጣ የእኔ ወረቀት ተገኘ። አንዱ “ከውጭ የመጣ ሰው ያየው ነው” ሲል፣ ሌላው “እሷም አምና ፈርማበታለች” አለ። ዕድሉ ለሌላው ሆነ። አርየት ከሰባተኛ ክፍል ተነስታ አንደኛ ክፍል ተመደበች። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ነካሿ እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ያን ቀን ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ መግባት እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁ።

የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም። ባለፈው ዓመት፣ እኔ ተመርቄ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ አርየት አየችኝ። ዘንቢሏን አስቀምጣ አቀፈችኝ። መምህርት መሆኔን ስትሰማ ትከሻዬን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ እናቴም እንዲያ አላየችኝም።

“እኔ አሁን ትንንሽ ልጆች ጋ ነኝ” አለች። “ትምህርቱን ከለከሉኝ። ወረቀት አለ፣ ፈርመሻል አሉኝ። እኔ ብዙ ወረቀት እፈርማለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።” ከዚያ እጄን ያዘች። “አንቺን ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ሦስት ሳምንት አይተሽኛል። አንቺ እውነቱን ትነግሪያቸው ነበር።”

እኔ ምን አልኩ? “አይዞሽ ቲቸር፣ አላህ ያውቃል” አልኩ። ያውቃል። ባጃጁ መጣና ገባሁ።

የመጀመሪያውን በልጅነት አጠፋሁት ልበል። ይህኛውንስ? ይህኛውን ያጠፋሁት አድጌ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ እጄ እጇ ውስጥ እያለ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እኔም ክፍል አንዲት እጩ መምህርት መጣች። ወንበሬን ሰጠኋት፤ የእኔ ጉልበት ጤነኛ ነው፤ ቢሆንም ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ግድግዳውን ተደግፌ ራሴን አገኘሁት። ልጅቷ ስትሰናበት አምስት ባዶ ቅጽ ዘረጋችልኝ። “መጀመሪያ ሙዪው” አልኳት። ያመንኳት ስላልመሰላት ፊቷ ቀላ። ምን ብዬ ላስረዳት?

አባቴ ሰው በሕይወት ሳለ አውፍ መባባል አለበት ይላል፤ ይቅር የምትባባለው በቁምህ ነው፣ መቃብር ላይ ቆሞ የሚጠየቅ ይቅርታ ለጠያቂው ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ከናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ነገ ከክፍል ስወጣ አርየት የምታስተምርበት ግቢ እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት ሁለት ቅጂ አድርጌያለሁ፤ አንዱ ለእሷ ነው፣ አንዱ ለዳይሬክተሩ። ፊርማዬ ከሁለቱም ግርጌ አለ። ከጎኑ ለእሷ የሚሆን ቦታ ትቻለሁ። በዚህ ጊዜ ተሞልቶ ነው የምወስድላት፤ እሷ ተቀምጣ ታንብበው፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። መፈረም ካልፈለገችም ቦታው ባዶውን ይቅር።