የባሌ ሽፋሽፍት

ባሌ ሰላ ድንጋይ የምትባል ከተማ ያስተምራል። ሰኞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ይሄዳል፣ አርብ ማታ ይመለሳል። በመካከሉ ያሉትን ቀናት የአንዲት ፈት ሴት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ያድራል። ስለ ሴትዮዋ ስጠይቀው «ደህና ናት» ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ግን በስልክ ስናወራ ሳቋን ከጀርባ ሰማሁት፤ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ትዳሬን የነጠቀችኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ጥር ዓይኑን ያሳክከው ጀመር። ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ ይቀላል፣ ሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ነገር ይጣበቃል። የእኛ አገር ብርድ ነው ብዬ ነበር። እየባሰበት ሲሄድ ግን እዚሁ ከተማ ካለ የዓይን ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ።

የምትመረምረው ልጅ ወጣት ናት። እሱን «ጋሼ»፣ እኔን «ማዘር» አለችን፤ እሱ ይበልጠኛል እኮ! ትንፋሿ ፊቱ ላይ እስኪያርፍ ተጠግታ በወረንጦ ሽፋሽፍቱን ነቀለች። እኔ እሾህ ላውጣልህ ስለው ግቢውን በጩኸት የሚያምሰው ሰውዬ እህ እንኳ አላለም። ልጅቷ የነቀለችውን በማይክሮስኮፕ አየችና «ዴሞዴክስ ናት» አለች። ሽፋሽፍት ሥር የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ፣ ስምንት እግር ያላት ተባይ ናት አሉ።

«ከየት መጣችበት?» አልኳት።

«ፊት ከፊት ሲነካካ ትተላለፋለች፣ ማዘር።»

ፊት ከፊት! ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ከዚያ በኋላ ስለ አስተጣጠቡ የነገረችንን አንዱንም አልሰማሁም።

በዚያ ሳምንት ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ስለ ተባይዋ ሳነብ ዋልኩ። ድሮ ተመራማሪዎች ጉዳት የላትም ብለው ንቀዋት ኖሯል። አሁን የዓይን ቆብ ብግነት ካለባቸው ሰዎች ጋር እያያያዙ የሚያጠኗት በዝተዋል፤ አንዱ ቲ ትሪ የሚባል ዘይት ይሞክርባታል፣ ሌላው አዲስ ጠብታ። ብግነቱን የምታመጣው እሷ ናት ወይስ የተቆጣ ቆብ ሲመቻት ትራባለች በሚለው ግን ገና አልተስማሙም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከየትኛዋ ሴት ፊት እንደመጣች ነበር። ይህን የሚያጠና አንድም ሰው አጣሁ። ያን ያህል ተምረው ዋናውን ጥያቄ ረስተውታል!

አርብ ማታ ሲመጣ ትራሱን ለየሁበት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«የሴትዮዋን ተባይ እኔ ላይ እንዳታራግፍ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ የአከራዬ ፊትና የእኔ ፊት የሚገናኙት ለበዓል ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም ነው። እንደ አገሩ ሁሉ።»

«ስንቴ ትሳሳማላችሁ?» አልኩት። እየሳቀ ሊተኛ ሄደ።

ከወር በኋላ ለቀጠሮው አብሬው ሄድኩ፤ ከዚያች ልጅ ጋር ብቻውን ልተወው? ሽፋሽፍቱ ጠርቷል፣ ቅላቱም ቀንሷል። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረችና «ማዘር፣ እርስዎንም ልይዎት፤ የአንድ ቤት ሰው አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው» አለችኝ። የኔንም ነቀለች። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየችና ባሌን ጠራችው።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይመልከቱ። የእሳቸው ከእርስዎም ይበዛሉ።»

ከዚያ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ብዙ ሰው ላይ እንደምትገኝ፣ ሳያሳክካቸው ተሸክመዋት የሚኖሩም ሞልተው እንደተረፉ፣ ማን ከማን እንደወሰደ ማወቅ እንደማይቻል አስረዳችን። እኔ የማየው ግን ባሌን ነበር። እሱ አጎንብሶ የእኔን ተባዮች ያያል። ሰኞ ሄዶ አርብ የሚመለስ ባል ያለኝ ሴት ነኝ፤ ሱቄም ወንድ ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው። አሁን ቀና ይልና «አንቺስ ከማን አመጣሽው?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዴት እንደምቆጣው፣ ስንት ቀን እንደማኮርፈው፣ ሲለማመጠኝ እንዴት እንደምታረቀው ሁሉ አሰብኩ።

ቀና አለ። «እግሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል እኮ!» አላት ልጅቷን። ከዚያ የዓይን መታጠቢያውን ፈሳሽ ለሁለት መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቃት።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ እጄን ያዘኝ። «ይኸው፣ ከጥርጣሬሽ ተገላገልሽ» አለኝ እየሳቀ።

እጄን ነጠቅኩት። ለምን እንደተቆጣሁ አልገባውም። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሮኝ አያውቅም።